ድንቢጦቹ ዝም ያሉበት ሰሙነ ሕማማት

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር መጀመሪያ ላይ የማይስቅ የለም። «በአንዲት ድንቢጥ የተነሳ ቤተሰቤ ሊያልቅ ነበር» ብሎ የሚጀምር ሰው ቢያስቅ አይገርምም። ድንቢጥ ማለት እኮ ከነላባዋ አንድ ሎሚ የማታህል ፍጥረት ናት። እናንተም መሳቅ ካማራችሁ አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ፤ ወደ ኋላ ላይ አይመችም።

ያን ጊዜ ቴክሳስ፣ ዩለስ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ አውሮፕላን ሲያርፍ ብርጭቆ የሚንቀጠቀጥበት ሰፈር፣ አንዲት አሮጌ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉ መንገደኞችን ወደ ተርሚናል የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ባለቤቴ ሰብለ ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ትንከባከባለች። ሊያ የምትባል እዚሁ የተወለደች ልጅ አለችን፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አራተኛዋ እማዬ ናት፤ ከአዲስ አበባ ካመጣኋት ጥቂት ዓመት ሆኗታል። ስለ እኔ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው ባይ ነኝ። ምክንያቱን ካላገኘሁት ደግሞ እፈጥርለታለሁ።

ድንቢጦቹ የመጡት በመጋቢት መግቢያ ነው። በጓሮ በኩል ከጣሪያው ብቅ ያለች፣ ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ሂተር ጭስ ማውጫ ቧንቧ ነበረች፤ ክዳኗን ባለፈው ዓመት የወረደው በረዶ ገንጥሎ ወስዶታል። አንድ ጠዋት ወንዱ መጥቶ አፏ ላይ ቆመ። አናቱ ላይ ግራጫ ቆብ፣ አገጩ ስር እስከ ደረቱ የወረደ ጥቁር ጢም። እማዬ ገና ስታየው «መምሬ» ብላ ስም አወጣችለት። መምሬ ግን ዜማ የሚባል አልተማረም። ከጠዋት እስከ ማታ አንዲቷኑ «ጭው! ጭው! ጭው!» ይላታል። ቤት አለኝ፣ ሚስት ፈላጊ ነኝ ማለቱ መሆኑ የገባኝ አንዲት አመድማ ቡናማ ሴት መጥታ አጠገቡ ያረፈች ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የግንባታ ሥራ ሆነ። ደረቅ ሣር፣ ላባ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ ሌላው ቀርቶ ከተሰጣው የእማዬ ነጠላ የመዘዙትን ክር ሳይቀር ያመላልሳሉ። እማዬ ወንበሯን አውጥታ ስታያቸው ትውላለች፤ የዳቦ ፍርፋሪም ትበትንላቸዋለች።

«ይህች ወፍ ጫካ አትወድም» አለችኝ አንድ ቀን። «ሰው የሌለበት አገር ምን ትሠራለች? ከሰው ጣሪያ ስር ካልሆነ አይሆንላትም።»

«ኪራይ አትከፍልም እንጂ እንደኛው ናት» አልኳት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የጫጩቶች ድምፅ በቧንቧው እየወረደ፣ ኮሪደሩ ላይ ሂተሩ ካለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰማ ጀመር። ሊያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወልቅ ጆሮዋን በሩ ላይ ትለጥፋለች። እማዬ ደግሞ የጸሎት ወንበሯን ከሳሎን አንስታ እዚያው ኮሪደር ላይ አደረገችው። «እነሱ ሲያመሰግኑ እኔም አመሰግናለሁ» ነው ምክንያቷ።

ከአጥሩ ማዶ ዴል የሚባል ጡረተኛ ፈረንጅ አለ። ዴል ነፍሱ ሰማያዊ ወፎች ናቸው፤ ለነሱ ሲል ግቢው ውስጥ የእንጨት ቤት ሠርቶ በምሰሶ ላይ ሰቅሏል። አንድ ቀን «መስፊን!» ብሎ ጠራኝ፤ መስፍን ማለት አይሆንለትም። ሄድኩ። የእንጨት ቤቱን በር ከፍቶ አሳየኝ። ድንቢጦች ሣራቸውን ጎዝጉዘውበታል። ሣሩን ሲያነሳው ከስሩ ሰማያዊዋ ወፍ አናቷ በመንቁር ተቦድሶ ሞታ ተጋድማለች። በሬሳዋ ላይ ነበር ቤት የሠሩት።

«አየህ?» አለኝ። «ያንተ ጣሪያ ላይ ያለውን ጎጆ አውርደው። ቧንቧ ደግሞ የወፍ ቦታ አይደለም። እነዚህ የዚህ አገር ወፎች አይደሉም፤ ሕግም አይጠብቃቸውም። ከአውሮፓ ነው የመጡት። ማንም አልጠራቸውም።»

ስለ ቧንቧው የተናገረውን አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። «ማንም አልጠራቸውም» የምትለዋ ግን ጆሮዬ ውስጥ ተሰነቀረች። በዚያው ሰሞን ሻንጣውን ቶሎ አላወረድክልኝም ብሎ የተቆጣ አንድ መንገደኛ ይችኑ ቃል ብሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ስለ ድንቢጥ አነበብኩ። ለካስ በመርከብ ጭኖ አምጥቶ የለቀቃቸው ሰው ራሱ ነው። አምጥቶ ከለቀቃቸው በኋላ ማንም አልጠራቸውም ይባላል? እልህ ያዘኝ።

ለእማዬ ነገሩን ስነግራት «በሑዳዴ ጫጩት ያለበትን ቤት የሚያፈርስ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች። እኔም «እዚያው ይኖራሉ፤ አለቀ» አልኩ። የተናገርኩት ስለ ወፎቹ መስሎኝ ነበር።

የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ድንገት ብርድ መጣ። ቴክሳስ እንዲህ ናት፤ ትናንት ኤሲ ያስከፈተችህ ዛሬ ጃኬት ታስለብስሃለች። ለሳምንታት ጠፍቶ የነበረውን ሂተር ከፈትኩት። ማታውኑ ራሴን ያመኝ ጀመር።

እኔን ብቻ አልነበረም። ሰብለም፣ ሊያም፣ እማዬም ራሳችንን ያዝን። ግን ማንም አልተጨነቀም፤ ሁላችንም ምክንያት ነበረንና። የኔ አለርጂ ነው፤ በዚያ ወቅት የዛፉ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ያደርገዋል፤ ኪኒን ዋጥኩ። የሊያ ታብሌት ማብዛት ነው፤ ነጠቅናት። የሰብለ ድካም ነው።

«የሚገርመው» አለች ሰብለ፣ «ሥራ ስገባ ይተወኛል። ልክ ቤት ስመጣ ይጀምረኛል።»

«እንግዲያው ያመመሽ ባልሽ ነዋ!» አልኳት። ሳቅን። የምሬን ነው የምላችሁ፣ ሳቅን።

የእማዬ ደግሞ ከሁሉም የጠና ምክንያት ነበረው። ሕማማት ነው፤ እስከ ማታ ትጾማለች፤ ትሰግዳለች፤ ወገቧ እስኪቆረጥ ትሰግዳለች። ራሷን ቢያዞራት ምን ይገርማል? ቤተ ክርስቲያን ሳደርሳት «እዚህ ስገባ ቅልል ይለኛል» ትላለች። የቦታው በረከት ነው አለች፤ እኔም አሜን አልኩ። አራት ሰው፣ አንድ ራስ ምታት፣ አራት ምክንያት።

ረቡዕ ከሰዓት ከሥራ ስገባ እማዬ ኮሪደሩ ላይ ጆሮዋን ወደ ቁም ሳጥኑ አዘንብላ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ዝም አሉ» አለችኝ።

«እነማን?»

«ጫጩቶቹ። እነሱም ሕማማት ያዙ።»

በማግስቱ ደግሞ ከጓሮ ገብታ «እናትየዋ አፏ ላይ ትል ይዛ ቧንቧው ላይ ትዞራለች፤ አትገባም» አለች። ፊቷ ላይ ጭንቀት ነበር።

«ብርዱ ነው እማዬ» አልኩ። ምክንያት መቼም አላጣም።

ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ፣ ልክ ከእማዬ ወንበር በላይ፣ ጭስም ጋዝም ሲኖር የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ነበር። እማዬ «መለከት» ትለዋለች። ሽንኩርት ባቁላላች ቁጥር እየጮኸ ስላስቸገራት፣ ኧርቪንግ ከተማ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዋ ያመጣችላትን የሻወር ኮፍያ አልብሳ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እየጠቆምን የምንስቅበት የቤታችን ጌጥ ነበር።

ዓርብ ስቅለትን ቤተ ክርስቲያን ዋልን። ያን ሁሉ ሰግጄ ራሴን ምንም አላመመኝም። ማታ ቤት ገብተን ተኛን።

ቅዳሜ ጠዋት ሰብለ በጊዜ ወደ ሥራ ወጣች። እኔ እረፍት ነበርኩ። እማዬ አክፍሎት ይዛለች፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመሰችም። ለቀጤማው ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወስዳት ነበር፤ እሷ ግን ኮሪደሩ ላይ ወንበሯ ላይ እንዳለች አልነሳ አለች። ዓይኗ ፈዟል። በሕይወቷ የቀዳም ሹር ቀጤማ ቀርቶባት አያውቅም።

«ኢመርጀንሲ ልውሰድሽ?»

«ምን ሆንኩና? ድካም ነው።»

«እማዬ፣ ትሞቺብኛለሽ። ውሃ ብቻ ጠጪ።»

«ነገ እጠጣለሁ። ዛሬ ጌታዬ መቃብር ነው።»

ፍርሃት ያዘኝ። እናቴ ዓይኔ እያየ በጾም ልትሞት ነው ብዬ አመንኩ። የንስሐ አባቷን ኮል አደረግኩ። «አባ፣ ደክማለች። እባክዎ እንድትቀምስ ይፍቀዱላት» አልኳቸው። እሳቸውም አላመነቱም፤ «ፈቅጃለሁ፣ ይቅመሱ በላቸው» አሉኝ። ስነግራት በዚያ ድካሟ መሃል ፈገግ አለች።

«በሰሙነ ሕማማት ካህን አይፈታም። አንተ ደግሞ በስልክ ታስፈታኛለህ?»

ተናድጄ ሶፋው ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ትንሽ አረፍ ልበልና በግድም ቢሆን እወስዳታለሁ አልኩ። እግሬ ከበደኝ። ሊያ ገና አልተነሳችም፤ ቅዳሜ ነው፣ ትተኛ አልኩ። ስልኬ ጠራ። «ሰብለ» ይላል። አየሁት። ማንሳት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እጄ ግን የኔ አልሆነም። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ደግሞ ጠራ። ስልኩ የሌላ ሰው ስልክ፣ ቤቱም የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ። የሚገርመው አልፈራሁም። ሞቆኛል፤ እንቅልፉ ይጣፍጣል።

ያኔ እማዬ ተነሳች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ በአንድ እጇ የዳቦ ፍርፋሪ ይዛ፣ ከፊቴ አለፈች።

«ወዴት ነው?» ያልኩ ይመስለኛል።

«ወፎቹ... እነሱ አክፍሎት የለባቸውም» አለች። ለራሷ ውሃ የነሳች ሴት ለድንቢጥ ቁርስ ይዛ ወጣች። የጓሮውን በር ስትከፍት ሰማሁ። ከዚያ የሆነ ነገር ዱብ አለ።

አሁን የምነግራችሁን እስከ ዛሬ ለሰብለ እንኳን ደፍሬ በሙሉ አልነገርኳትም። እናቴ መውደቋን አውቄያለሁ። ያሰብኩት ግን «ሙቀቱ ወጣ» ብዬ ነው። በሩ ተከፍቷል፣ ሂተሩ በከንቱ ይነዳል። ከሶፋው ወርጄ፣ መቆም ስላቃተኝ በእጅና በጉልበቴ እየዳህኩ፣ በሩን ልዘጋ ሄድኩ። ገፋሁት፤ አልዘጋ አለኝ። የእማዬ እግር ደፉ ላይ ነበር። እግሯን ወደ ውጭ ገፋ አድርጌ እንደገና ሞከርኩ። እናቴን ብርድ ላይ ጥዬ በሩን ልዘጋ እየታገልኩ ሳለ ነፋሱ ፊቴን መታኝ። አንድ ጊዜ ወደ ሳንባዬ ሳብኩት። ሁለተኛ ሳብኩት። ራሴ ውስጥ የሆነ መስኮት በትንሹ ተከፈተ።

«መስፊን! ምን ሆነች?» ዴል ነው፣ ከአጥሩ ማዶ።

«ጾም ነው» አልኩት። በአማርኛ ነበር ያልኩት።

ሽማግሌው ያን አጥር እንዴት እንደዘለለው አላውቅም። አጠገቤ ደርሶ የእማዬን ፊት አየ፣ የኔን ፊት አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያለችውን ቧንቧ አየ። አፏ ድረስ በሣር ታጭቃለች።

«ሂተሩ በርቷል?»

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

«ውስጥ ሌላ ሰው አለ?»

አሰብኩ። ያለ ይመስለኛል። ማን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። የወለድኳት ልጅ፣ ስሟ ከነመኖሯ ከራሴ ወጣ።

«ልጅቷስ? ሴቷ ልጅህ የታለች?» ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ሊያ!»

ትንፋሹን ቋጥሮ ገባ። ልከተለው ሞክሬ ደፉ ላይ ወደቅኩ። ኮሪደሩን ተሻግሮ ሲሮጥ፣ በር ሲከፍት ሰማሁ። ከዚያ ዝምታ። የዚያን ዝምታ ርዝመት አልነግራችሁም፤ አላውቀውምና። ከነብርድ ልብሷ እየጎተታት ወጣ። ሣሩ ላይ አጋደማት። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፣ ክንዷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይወድቃል። ስሟን ጠራሁ፤ መልሼ ጠራሁ። ዴል በአንድ እጁ አምቡላንስ ይጠራል፣ በአንድ እጁ ጉንጯን ይመታል። ያን ጊዜ አሳላት፤ ከዚያም አስመለሳት። እያለቀሰች «ዳዲ፣ በረደኝ» አለች። ሰው በማስመለስ ደስ ሊለው እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

እሳት አደጋዎች መጡ። አንደኛው የእጅ መለኪያውን ይዞ በሩ ጋ ሲደርስ መሣሪያው ጮኸ፤ ወዲያው ወደ ኋላ ተመልሶ ጭንብሉን አጠለቀ። ጋዙን ዘጉት። ያፈነን መርዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም አሉኝ። መውጫ ያጣው የሂተሩ ጭስ ለቀናት ወደኛው ሲመለስ ነበር። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጎጆውን መዝዞ አወረደው፤ ከትራስ ይበልጣል። የነጠላው ክር ከመሃሉ ተንጠልጥሏል። ላባቸው ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ፣ የአፋቸው ጠርዝ ቢጫ የሆነ አምስት የሞቱ ጫጩቶች ነበሩበት። ረቡዕ ዝም ያሉት ለዚህ ነበር። እየነገሩን ነበር ማለት ነው፤ እኛ ግን ለዝምታቸውም ምክንያት ሰጠን።

ትንሣኤን ሆስፒታል አሳለፍነው። እኔና ሊያ በኦክስጅን ቶሎ አገገምን። ሐኪሙ ስለ እማዬ ሲናገር ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ሳምንቱን ሙሉ ከሁላችንም ቀርባ የተቀመጠችው እዚያ ሂተር አጠገብ ነው። ወፎቹን ልታበላ ተነስታ በሩን ባትከፍት ኖሮ ግን፣ አለ ሐኪሙ፣ አሁን እናንተን አላናግርም ነበር። እሁድ ወደ ማታ ዓይኗን ገለጠች። ሰብለ እጇን ይዛ ታለቅሳለች።

«ጫጩቶቹ ወጡ?» አለችኝ እማዬ።

ምን ልበላት? «በረሩ» አልኳት።

«ተመስገን።»

ጥቂት ቆይታ እንደገና «ጫጩቶቹ ወጡ?» አለች። ቅድም የጠየቀችኝን ረስታዋለች። ይመለስ ይሆናል አሉን። ብዙው ተመልሷል፤ ጸሎቷን በቃሏ ትደግማለች፣ የሊያን ልደት አትስትም። ከዚያ ሳምንት ወዲህ የሚሆነውን ግን አትይዘውም።

ዴል ድንቢጦቹን መጥላቱ ልክ ነበር? ብዙ አሰብኩበት። እሱ የጠላቸው ስለ ሰማያዊዋ ወፍ ነው፤ እኔ የተሟገትኩላቸው ስለ ራሴ ነው። ሁለታችንም ወፎቹን አላየናቸውም። በደንብ ያየቻቸው እማዬ ብቻ ነበረች፤ የጫጩቶቹን ዝም ማለትም፣ የእናትየዋን ትል ይዛ መዞርም ነግራኝ ነበር። ወፎቹ ግን ሰማያዊዋን ሲገድሉም፣ እኛን ሊገድሉ ሲሉም፣ ቤት ከመሥራት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። ይኸው ነው የሚያስፈራኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በሰው አገር በኪራይ ቤት ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሽንኩርት ባቁላላችሁ ቁጥር ማስጠንቀቂያው ቢጮኽም ይጩህ። ኮሪደራችሁ ላይ ኮፍያ ያለበሳችሁት መለከት ካለ ይህን ሳትጨርሱ ተነሱና አውልቁለት። ከቤት ስትወጡ የሚተዋችሁ፣ ስትገቡ የሚጀምራችሁ ሕመም ካለም ምክንያት አትፈልጉለት፤ መጀመሪያ ውጡ። በኋላ ውጭ ሆናችሁ ትፈልጉታላችሁ።

እኔ አሁን ራሴን ባመመኝ ቁጥር ሌሊትም ቢሆን መስኮት እከፍታለሁ። ሰብለ ትቆጣለች፤ ግን ተነስታ አትዘጋውም።

ቧንቧዋ አዲስ ክዳንና ወንፊት ተደርጎላታል። መምሬ ግን ቤቱን አልተወም። በየጠዋቱ ሣር በአፉ ይዞ ይመጣል፤ ወንፊቱን ይነካካና ሲያቅተው ሣሩን ጥሎ «ጭው! ጭው!» ይላል። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ጓሮ ትቀመጣለች።

«መስፍኔ፣ ጫጩቶቹ ወጡ?»

«በረሩ እማዬ።»

«ስንት ነበሩ?»

«አምስት።»

«አምስቱም?»

«አምስቱም።»

ከዚያ ዳቦዋን ፈርፍራ፣ አጎንብሳ፣ አምስት ቦታ ታስቀምጣለች። መምሬ ብቻውን ከቧንቧው ይወርድና ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ይለቅማል። ሁሉንም ሲጨርስ እማዬ ዞራ ታየኛለች።

«ይኸው» ትለኛለች ፊቷ በርቶ፣ «ሁሉም መጥተው በሉ።»